ባሕር ማዶ የምትሄድ እናትና የልጇ ዜግነት

ባሏ አሜሪካ ያለ እኅት ለጉዞ ስትሰናዳ የዘመድ አዝማዱ ሐሳብ በበርበሬው፣ በሽሮውና በድርቆሹ ላይ ነው። ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ከፊተኛው ትዳሯ የወለደችው ልጅ አብሯት የሚሄደው በየትኛው ማመልከቻ እንደሆነ፣ እዚያ ከደረሰ በኋላም የየት አገር ዜጋ ሆኖ እንደሚያድግ አስቦ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በዚህ አምድ ከእርስዎ ጋር ልንወያይበት የፈለግነው ይህንኑ ነው። ጉዳዩን በአሜሪካ የወሰንነውም ብዙ የእኛ ቤተሰብ ያለበት አገር ስለሆነና ሕጉ የልጅን ዕድሜ አጥብቆ የሚቆጥር በመሆኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በየቤቱ ተደበላልቀው የሚነገሩትን ቃላት እንለይ። ቪዛ ማለት እስከ በሩ የሚያደርስ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ የሚባለው ደግሞ የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ የያዘው ሰው እዚያ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል፤ ነገር ግን አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው፣ የሚጓዘውም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ዜግነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ዓመታት ተቆጥረው፣ ፈተና ታልፎና መሐላ ተፈጽሞ ነው። ስለዚህ «እገሊት ወረቀት አገኘች» የሚል ወሬ ሲሰሙ የትኛውን ወረቀት እንዳገኘች ጠይቀው ይረዱ። ሰው በሌላ ሰው ወረቀት እየተመራ ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው።

እርግጥ ነው፣ በጥር ወር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው እንደሚያቆም አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2020ም በወረርሽኙ ሰበብ ብዙ ዓይነት ቪዛ ቆሞ ነበር። መስኮቱ እንዲህ በትእዛዝ ሲዘጋና ሲከፈት የሚኖር ነውና የወቅቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከደላላ አይደለም። የልጅ ዕድሜ ግን መስኮት ተዘጋ ብሎ አይቆምም። በመሆኑም በመጠበቅ ላይ ያለች እናት ከሁሉ ይልቅ ይህን ሒሳብ ማወቅ ይገባታል።

የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ባል ለሚስቱ የሚያቀርበው ማመልከቻ ለሚስቱ ብቻ ነው፤ ልጅን አስከትሎ አይወስድም። «እኔ ከገባሁ ልጄም በእኔ ይገባል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ማመልከቻ፣ የተለየ ክፍያ ያስፈልጋል። ልጁ የባልየው የእንጀራ ልጅ ከሆነ ደግሞ የእንጀራ አባት ሊያመለክትለት የሚችለው ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው። «ሠርጉ ይቆይ፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛን ይጨርስ» እያሉ ቀን የሚያራዝሙ ቤተሰቦች አሉ። አሳቢነታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ለሚፈጸም ጋብቻ የእንጀራ አባትየው በር የለውም። እናቲቱ ራሷ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ላላገባ ልጇ ልታመለክት ትችላለች፤ ያ ግን በዓመታት የሚቆጠር ወረፋ ያለው መንገድ ነው።

ባልየው ዜጋ ሳይሆን ባለ ግሪን ካርድ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የእርሱ ማመልከቻ በወረፋ ይጠበቃል፤ ሆኖም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ያላገባ ልጅ በእናቱ ስር ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ሰው ሳያስበው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ባልየው በመካከሉ ዜግነት ቢወስድ፣ ለቤተሰቡ ደስታ ነው፣ የሚስቱም ወረፋ ያጥራል። ልጁ ግን በእናቱ ስር የነበረውን ቦታ በዚያው ቀን ያጣል። ወዲያውኑ በራሱ ስም ማመልከቻ ካልገባለት እናት ለጉዞ ስትጠራ ልጅ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤትዎ በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዜጋ ሆንሁ» ሲልዎ፣ ከእልልታው ቀጥሎ የሚጠይቁት ጥያቄ «ለልጁስ ለብቻው አመለከትህለት ወይ?» የሚል ይሁን።

አሁን ወደ ዕድሜው ሒሳብ እንግባ። ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 21 እና 18። የመጀመሪያው ለቪዛው ነው፤ ለአሜሪካ ዜጋ ልጅ ወይም የእንጀራ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው ማመልከቻው በገባበት ቀን ይቆማል። ቪዛው ቢዘገይ በዚህ በኩል አያሳስብም። ሁለተኛው ቁጥር ግን ለዜግነት ነው፤ እርሱን የሚያቆመው ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከየካቲት 27 ቀን 2001 ጀምሮ የጸናው ሕግ እንዲህ ይላል፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር በሕግ በተሰጠ አሳዳጊነት አሜሪካ የሚኖር ልጅ ያለ ፈተናና ያለ መሐላ ዜጋ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ወላጁ ነው የሚለው። የእንጀራ አባት ዜግነት ወደ ልጁ አይተላለፍም። ከ16 ዓመቱ በፊት በጉዲፈቻ ከተቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ ጉዲፈቻውም የራሱ ብዙ ቅድመ ሁኔታ አለው። ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ባልዎ የሃያ ዓመት ዜጋ ቢሆን እንኳ ከፊተኛው ትዳርዎ የወለዱትን ልጅ ዜጋ የሚያደርገው የእርስዎ መሐላ ነው፤ እርሱም ልጁ 18 ሳይሞላው ሲፈጸም ነው። የባልዎና የእርስዎ የጋራ ልጅ ከሆነ ግን ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ግሪን ካርዱን ይዞ ገብቶ ከአባቱ ጋር ሲኖር፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዜጋ ነው።

እስቲ በጣት እንቁጠር። የአሜሪካ ዜጋ ሚስት ከባሏ ጋር አብራ እየኖረች 3 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት ስትቆይ ለዜግነት ማመልከት ትችላለች፤ ማመልከቻውን 3 ዓመቱ ከመሙላቱ 90 ቀን አስቀድማ ልታስገባ ትችላለች። ልጇ 14 ዓመት ከ6 ወሩ ላይ ከእርሷ ጋር ቢገባ፣ እርሷ በምታመለክትበት ጊዜ እርሱ 17 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይሆነዋል። ለቃለ መጠይቁና ለመሐላው ዘጠኝ ወር አለ። ልጁ የገባው በ15 ዓመቱ ቢሆን የሚተርፈው ሦስት ወር ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቢዘገይ፣ ቀጠሮው ቢያልፍ አለቀ። በ16 ከገባ ሒሳቡ አስቀድሞ አልፏል። እናቲቱ ከባሏ ብትለያይ ወይም ባሏ ዜጋ ካልሆነ የምትጠብቀው 5 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ መግባት የሚኖርበት 13 ዓመት ሳይሞላው ነው። እንግዲህ «ስምንተኛ ክፍልን ይፈተንና ከአያቱ ዘንድ ቆይቶ በኋላ ይመጣል» የሚለው ውሳኔ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስሉት።

ልጁ ቢያመልጠው ከአገር ይባረራል ማለት አይደለም። ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ይቆያል፤ የነዋሪነት 5 ዓመቱን ሲሞላ በራሱ ስም ከፍሎና ተፈትኖ ያመለክታል። ይሁን እንጂ በነዋሪነትና በዜግነት መካከል ያለው ልዩነት በጎረምሳ ዕድሜ ላይ ይከብዳል። አንዳንድ ወንጀል የፈጸመ ነዋሪ መኖሪያውን ያጣል፤ ዜጋ የሆነው ቅጣቱን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። የየትኛዋ እናት ልጅ በ19 ዓመቱ ከማን ጋር እንደሚውል ማን ያውቃል?

ይህ ሁሉ ስሌት የሚቆመው እዚህ አገር በሚወጡት ወረቀቶች ላይ ነው። ጥር 10 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 19 ቀን 2012 ነው፤ 18 ዓመት የሚሞላውም ጃንዋሪ 19 ቀን 2030 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ይህን ያልለየ ጸሐፊ የልጁን ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል ወይም ያስረዝመዋል። የክትባት ካርዱ አንድ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሌላ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱ ሦስተኛ ቀን ሲናገሩ ቆንስሉ የትኛውን ይመን? የልደት ምዝገባው ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣ እንደሆነም የእናትነት ማረጋገጫ የዘረ መል ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል። ስለሆነም የምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ፊደል በፊደል ያንብቡ። ከኋላዎ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

የስም ነገርም አለ። እኛ ዘንድ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ይህ አገራችን ከብዙዎቹ የምትሻልበት ነገር ነው ብንል የሚቀየመን የለም። ባሕር ማዶ ግን የቤተሰብ ስም ስለሚፈለግ የእናት፣ የልጅና የእንጀራ አባት ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ስምዎን መለወጥ አያስፈልግም። የልደት ማስረጃው በእርስዎ ስም እናትነትዎን የሚናገር መሆኑና በላቲን ፊደል የተጻፈው በሁሉም ወረቀት አንድ መሆኑ ይበቃል። ሙሉጌታ የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ «ኤል»፣ በሌላው በሁለት «ኤል» ተጽፎ ከተገኘ ለወራት የሚያመላልስ ጣጣ ነው።

ከፍቺ በኋላ ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት የልጁን አባት ነገር ሳትጨርስ አትነሣ። የፍቺ ውሳኔው ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር በግልጽ የሚናገር ይሁን። አባትየው ቢፈቅድ ፈቃዱ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ባይፈቅድ ወይም ያለበት ባይታወቅ ፍርድ ቤት መጠየቅ ነው። ይህ ወረቀት ለፓስፖርቱም፣ ለቪዛውም፣ ከላይ ለተናገርነው የልጅ ዜግነትም የሚያስፈልግ ነው፤ ሕጉ «በሕግ በተሰጠ አሳዳጊነት» የሚለው ይህን ነውና። ጋብቻውም በቤተ ክርስቲያን ይሁን በኒካህ፣ በሽምግልናም ቢሆን፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ኤምባሲውም የሚጠይቀው ያንኑ የተመዘገበውን ማስረጃ ነው። ለወረቀት ብቻ ስለሚፈጸም ጋብቻ ብዙ አንልም። በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ አለው፤ አንድ ጊዜ የተደረሰበት ሰው ኋላ እውነተኛ ጋብቻ ቢፈጽም እንኳ የሚያመለክትለት አይገኝም። የደላላው ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይህ አይጻፍም።

እዚያ ከደረሱ በኋላስ? ወደ አሜሪካ በገቡበት ቀን ጋብቻዎ 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጥዎ ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት ፈርመው ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣ ካላመለከቱ ነዋሪነቱ ይጠፋል። ያችን ቀን የሚያውቃት ባልዎ ብቻ ሊሆን አይገባም። ፓስፖርቱና ካርዱ በባል ኪስ፣ ቀኑም በባል ጭንቅላት ሲቀመጥ ሚስት ትናገረው ዘንድ የማትደፍረው ነገር ይበዛል። «አስመልስሻለሁ» የሚለው ዛቻ የሚወለደው ከዚህ ነው። ሕጉ ግን ይህን አስቦበታል። ጋብቻው ከልብ ተፈጽሞ በፍቺ ቢፈርስ፣ ወይም ሚስት ድብደባና ከባድ ጭካኔ ቢደርስባት፣ ያለ ባሏ ፊርማ ብቻዋን ልታመለክት ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮም በዜጋ ወይም በባለ ግሪን ካርድ ባሏ የምትደበደብ ሚስት ባሏ ሳያውቅ ለራሷና ለልጇ የምታመለክትበት መንገድ አለ። ለዚህ የሚያስፈልገው አብሮ የመኖር ማስረጃ ስለሆነ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ወረቀት በእርስዎ ስምም ይኑር። ቤትም ሲቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽኑ ማስታወቅ ግዴታ ነው።

እናታችን ታመመች ተብሎ ወደ አገር ቤት መመለስ፣ ሥራው ሲከብድ ሕፃኑን ለአያቱ መላክ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። አያት ያሳደገችው ልጅ አማርኛውም ጨዋነቱም እንደሚያምር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካ የተወለደው ሕፃንና እዚህ ተወልዶ ግሪን ካርድ የያዘው ታላቁ በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ከቋሚ ነዋሪ እናት እዚያ የተወለደው ዜጋ ነውና ሁለት ዓመት አያቱ ዘንድ ቢቆይ መመለሻው አይዘጋም። ታላቁ ግን ዳግም የመግቢያ ፈቃድ ሳይወጣለት ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ነዋሪነቱን ሊያጣ ይችላል። ለእርስዎም እንዲሁ ነው። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ መቅረት ለዜግነት የተቆጠረውን ጊዜ ያሰናክላል፤ በጠቅላላውም ከ5ቱ ዓመት 30 ወር፣ ከ3ቱ ዓመት 18 ወር በአካል እዚያ መገኘት ግድ ነው። የወጡበትንና የገቡበትን ቀን በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ።

ፈተናው ለሚያስፈራቸው እናቶች አንድ ቃል እንጨምር። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖሩ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል፤ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች መካከል 20 ተጠይቆ 12ቱን መመለስ ይጠበቅበታል።

መሐላው ለልጁ በር ሲከፍት ለእናቲቱ ሌላ በር ይዘጋል። በ1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕጋችን ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ ሰው ስታገባና ጋብቻው የባሏን ዜግነት ሲሰጣት፣ ሳትጠየቅ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣ ነበር። ወንዱ ግን የውጭ ሴት ሲያገባ ኢትዮጵያዊት ያደርጋት ነበር። ያ አድልዎ ዛሬ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ዜጋ በማግባት ዜግነቱን እንደማያጣ ደንግጓል፤ ልጅም ከአባቱ ወይም ከእናቱ ከአንዳቸው ኢትዮጵያዊ ይሆናል። ስለዚህ ማግባትም ሆነ ግሪን ካርድ መያዝ ከኢትዮጵያዊነት አያወጣዎትም። በፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ግን ያወጣል፤ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። ተመልሶ ኢትዮጵያዊ ለመሆን አገር ቤት መጥቶ መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተውና ማመልከት ያስፈልጋል። ይህን ምርጫ እኛ አንመርጥልዎትም። ነገር ግን የልጅ ዕድሜ እያሯሯጠ በጥድፊያ የሚፈጸም መሐላ ምን እንደሚያስቀር አስቀድሞ ማወቁ የተሻለ ነው።

ዜግነቱን ለለወጡ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ተፈቅዷል፤ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። የያዘው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ በቤት ባለቤትነትም ረገድ እንደ ውጭ አገር ሰው አይታይም። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ ተቀጥሮ መሥራት ግን አይችልም። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ልጅም ይህን መታወቂያ ማግኘት ይችላል።

ከእናቱ ጋር ዜጋ የሆነ ልጅ ግን ማንም በፖስታ የሚልክለት ወረቀት የለም። የእናቱን የዜግነት የምስክር ወረቀት፣ የራሱን ግሪን ካርድ፣ የልደት ማስረጃውንና የአሳዳጊነቱን ውሳኔ አያይዞ ፓስፖርት ወይም የዜግነት የምስክር ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቁ ቀርተው ልጁ በሠላሳ ዓመቱ ማስረጃ ፍለጋ የሚንከራተት አለ። የእርስዎንና የልጅዎን አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ጊዜው አልፎበታል ብለው አይጣሉት፤ ለቢጫው ካርድ ኢትዮጵያዊ እንደነበራችሁ የሚመሰክረው እርሱ ነው።